ፍርድና ሙግት፦ «ለየትኛው ፊልም ይገባ ነበር?» የሚለው ክርክር የኦስካርን ሽልማት እንዴት እንደቀረጸው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



አንድ የታሪክ መምህር ስለ ፊልም ሽልማት ሊናገር መነሣቱ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹን ሳያስገርም አልቀረም። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ባልደረቦቼ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እውነት ነው። ምክንያቱን ግን በአንድ ትዝታ ብጀምር ይሻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ አሳስባለሁ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ፣ አራት ጓደኛሞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤት የመግባት ልማድ ነበረን። አግዳሚው ጠባብ፣ መጋረጃው ወፍራም፣ ቅጂውም ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ነበር። ከፊልሙ ይልቅ የሚናፍቀን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግራችን እየወረድን የምናደርገው ሙግት። በ1995 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት «ፎረስት ጋምፕ» ለ13 ሽልማቶች ታጭቶ ስድስቱን ወሰደ። «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» በሰባት ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሁለቱን ፊልሞች ያየናቸው ውጤቱ ከታወቀ ከወራት በኋላ ነው። ሆኖም ፍርዱ ገና ያልተሰጠ ይመስል ተከራከርን። እኔ የ«ሾውሻንክ» ጠበቃ እንደ ነበርሁ አስታውሳለሁ። ወደዚህ ትዝታ በመጨረሻ እመለሳለሁ፤ የሚታረም ነገር አለበትና።

የዛሬው ጥያቄዬ የትኛው ፊልም ይሻል ነበር የሚል አይደለም። የምጠይቀው እንዲህ ያለው ሙግት በታሪክ ውስጥ ምን ሠራ ብዬ ነው። የተለመደው አስተሳሰብ ሸላሚው ይፈርዳል፣ ተመልካቹ ያጉረመርማል፣ ጉርምርምታውም በማግስቱ ይረሳል የሚል ነው። የኦስካር ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። ዛሬ የምናውቀው ሽልማት፣ ከድምፅ አሰጣጡ እስከ አባላቱ ምርጫ ድረስ፣ በአመዛኙ በቅሬታ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዳኞች

የተንቀሳቃሽ ምስል ጥበባትና ሳይንስ አካዳሚ በ1927 ሲመሠረት ዋና አነሣሹ የኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ኃላፊ ሉዊስ ቢ. ሜየር ነበር። መሥራቾቹ 36 ነበሩ። የመጀመሪያው የሽልማት ግብዣ በግንቦት 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ተደረገ። የታደሙት 270 ያህል ሰዎች ሲሆኑ፣ የሽልማቱ አሰጣጥ የፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። አሸናፊዎቹ ከሦስት ወራት አስቀድሞ ስለ ታወቁ የሚያስጨንቅ ፖስታ አልነበረም።

በዚያ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለፊልም የተሰጡት ከፍተኛ ሽልማቶች ሁለት ነበሩ። የላቀ ፊልም በሚለው ዘርፍ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችን ታሪክ የሚተርከው «ዊንግስ» አሸነፈ። ልዩና ጥበባዊ ሥራ በሚለው ዘርፍ ደግሞ የኤፍ. ደብሊው ሙርናው «ሰንራይዝ» ተሸለመ። በሁለተኛው ዓመት ይህ የጥበብ ዘርፍ ተሰረዘ፤ «የዓመቱ ምርጥ» የሚባለውም አንድ ብቻ ሆነ። ሕዝብ የወደደው ትልቅ ሥራ ወይስ ጥበቡ የረቀቀው? ይህን ጥያቄ አካዳሚው ለሁለት ከፍሎ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ከዚያም አንድ ላይ ጨፈለቀው። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሙግቶች ብዙዎቹ ከዚህ ጭፍለቃ የተወለዱ ይመስሉኛል።

መጀመሪያ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ጥቂት ዳኞች ነበሩ። በ1930 ከአካዳሚው መሥራቾች አንዷ የነበረችው ሜሪ ፒክፎርድ «ኮኬት» በተባለው ፊልም ምርጥ ተዋናይት ተባለች። ዳኞቹን በመኖሪያ ቤቷ ሻይ ጋብዛቸው ነበር መባሉ ብዙ አነጋገረ። ከዚህ በኋላ የድምፅ መስጠት መብት ከጥቂት ዳኞች ወደ አባላቱ ሁሉ ተላለፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1934 ቤቲ ዴቪስ በ«ኦፍ ሂዩማን ቦንዴጅ» ያሳየችው ትወና እጅግ ተደነቀ። የእጩዎች ዝርዝር ሲወጣ ግን ስሟ አልነበረበትም። ጩኸቱ ከመበርታቱ የተነሣ አካዳሚው አባላት በዝርዝሩ ያልተካተተ ሰው ስም በእጃቸው ጽፈው እንዲመርጡ ፈቀደ። ዴቪስ አላሸነፈችም፤ ሽልማቱን ክሎዴት ኮልበርት በ«ኢት ሃፐንድ ዋን ናይት» ወሰደች። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የድምፁ ቆጠራ ፕራይስ ዋተርሃውስ ለተባለ ገለልተኛ የሒሳብ ድርጅት ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ዴቪስ «ዴንጀረስ» በተባለ፣ ራሷም እምብዛም ባላከበረችው ፊልም ተሸለመች። በዚያው ምሽት ሃል ሞር የተባለው የካሜራ ባለሙያ፣ በእጩነት ሳይቀርብ አባላት ስሙን ጽፈው ስለ መረጡት፣ «ኤ ሚድሰመር ናይትስ ድሪም» በተባለው ፊልም አሸነፈ። በዚህ መንገድ ያሸነፈ እርሱ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ወዲያው ተነሥቷልና።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ ዛሬ በታላቅ ሥነ ሥርዓት የሚታጀቡት ሒሳብ አዋቂዎች መነሻቸው ጥርጣሬ ነው። ሁለተኛ፣ ያለፈን ስሕተት በሚቀጥለው ዓመት ሽልማት ለመካስ መሞከር ሌላ ስሕተት ይወልዳል። ዕዳ የሚከፈልበት ሽልማት በዚያ ዓመት በትክክል የተገባውን ሰው ያስቀራል።

ጊዜ የሻረው ፍርድ

የፊልም ወዳጆች በይግባኝ መዝገባቸው ላይ ከሁሉ በላይ የሚያነሡት የ1942ቱን ውሳኔ ነው። የኦርሰን ዌልስ «ሲትዝን ኬን» በዘጠኝ ዘርፍ ታጭቶ አንድ ብቻ አገኘ፤ እርሱም ዌልስና ኸርማን ማንኪዊትዝ በጋራ ላዘጋጁት የፊልም ጽሑፍ ነው። ምርጥ ፊልም የተባለው የጆን ፎርድ «ሀው ግሪን ዋዝ ማይ ቫሊ» ነበር። ከዚህ ጀርባ የጋዜጦች ባለቤት የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት እጅ አለበት ይባላል። በፊልሙ ውስጥ ራሱን ያየው ኸርስት ጋዜጦቹ ስለ ፊልሙ ማስታወቂያ እንዳያወጡ ከልክሎ ነበር። በኋላ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየዐሥር ዓመቱ ሐያሲያንን እየጠየቀ በሚያወጣው የምርጦች ዝርዝር፣ «ሲትዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ታዲያ የሐያሲያኑ ፍርድ የመጨረሻው ነውን? አይደለም። በ2012 «ቨርቲጎ» አንደኛ ሆነ፤ በኦስካር በሁለት የሙያ ዘርፎች ብቻ ታጭቶ ምንም ያላገኘው የሂችኮክ ፊልም ነው። በ2022 ደግሞ መሪነቱን የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» ወሰደ። ጊዜ የመጨረሻ ዳኛ ነው ሲባል እንሰማለን። እኔ ግን ጊዜ ራሱ አይፈርድም እላለሁ። የሚፈርዱት በዚያ ጊዜ የመናገር ዕድል ያገኙ ሰዎች ናቸው፤ መራጮቹ ሲለወጡ ፍርዱም ይለወጣል። «ጆን ፎርድ አይገባውም ነበር» የሚለውም የችኮላ ፍርድ ነው፤ ፊልሙን ዛሬ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ለምን እንደ ተወደደ ይገባዋል።

ሥሌቱ ሲለወጥ

በ2009 ሌላ ለውጥ መጣ። ባለፈው ዓመት የወጣው «ዘ ዳርክ ናይት» በስምንት ዘርፍ ቢታጭም ከአምስቱ የምርጥ ፊልም እጩዎች መካከል አልነበረም። ተመልካቹ በእጅጉ ተቆጣ። አካዳሚውም የእጩዎቹን ቁጥር ከአምስት ወደ ዐሥር ከፍ አደረገ። ዐሥር እጩ ባለበት አንድ አንድ ምልክት ብቻ ቢደረግ ከመራጩ ዐሥር በመቶ ጥቂት በለጥ ያለ ድምፅ ያገኘ ፊልም ሊያሸንፍ ይችላል። ስለዚህ መራጩ ፊልሞቹን ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ተደረገ።

ቀለል ባለ ምሳሌ ላስረዳ። መቶ መራጮችና ሦስት ፊልሞች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ድምፅ አገኙ። በቀድሞው ሥርዓት ባለ 40ው ያሸንፋል። በአዲሱ ግን ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ የመጨረሻው ይወጣና የ25ቱ መራጮች ድምፅ ሁለተኛ ብለው ወደ ጻፉት ፊልም ይዛወራል። ሃያዎቹ ሁለተኛውን፣ አምስቱ የመጀመሪያውን ጽፈው ከሆነ ውጤቱ 55 ለ45 ይሆናል፤ ተመርቶ የነበረው ያሸንፋል። የመራጮቹ ፍላጎት በአንዲት ነጥብ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመቁጠሪያው መንገድ ነው። ይህ ሥርዓት ጥቂቶች አጥብቀው ከሚወዱት ይልቅ ብዙዎች ሳይከፋቸው የሚቀበሉትን ያነግሣል። የሚሠራበትም ለምርጥ ፊልም ብቻ ነው። ስለዚህ «ይገባዋል» የሚለው ቃል በአንድ ምሽት ሁለት ትርጉም ይይዛል።

የአቆጣጠር ሥርዓት ፍርድን እንደሚለውጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው የንጉሥ ችሎት ሐሳብ የሚሰጠው ከዝቅተኛው ሹም ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይፈራ።

በ2015 እና በ2016 ለትወና የታጩት 20ዎቹም ተዋንያን በሁለቱም ዓመት ነጮች ሆኑ። ኤፕሪል ሬይን የተባለች ጸሐፊ ያነሣችው ተቃውሞ በዓለም ተሰማ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ አስቀድሞ በ2012 ባደረገው ምርመራ ከመራጮቹ 94 በመቶ ያህሉ ነጮች፣ 77 በመቶው ወንዶች መሆናቸውን ገልጾ ነበር። አካዳሚው በ2016 የሴቶችንና የነጭ ያልሆኑ አባላቱን ቁጥር እስከ 2020 በእጥፍ ለማሳደግ ወሰነ። በ2020 «ፓራሳይት» የተባለው የኮሪያ ፊልም ምርጥ ፊልም ተባለ፤ ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ይህን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሁሉም ጩኸት ግን ሕግ አይሆንም። በ2018 አካዳሚው ብዙ ተመልካች ላገኘ ፊልም የተለየ ሽልማት አቋቁማለሁ ብሎ ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥ በተቃውሞ ብዛት ተወው። የ1929ኙ ሁለት ሽልማት ተመልሶ ሊመጣ ሲል በር ላይ ቀረ።

የእኛ ጉዳይ

ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል? የአንድ ሽልማት ዋጋ ሐውልቱ ላይ አይደለም፤ ማን አይቶት፣ ማን አከፋፍሎት፣ ማን ጠብቆ አቆይቶት በሚለው ላይ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳድሮ ነበር። በአሜሪካ ግን የሚያከፋፍለው ድርጅት ሲታጣ አዘጋጁ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ለጥቁር ተመልካቾች አሳየው። ፊልሙን በሕይወት ያቆየው ተመልካቹ ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ከፍተኛ ሽልማት አገኘ። በ2021 የአካዳሚው ሙዚየም ሲከፈት ኃይሌን አከበረ። ከ«ሳንኮፋ» እስከዚያ ክብር 28 ዓመት አልፏል።

«አትሌቱ»፣ «ድፍረት»ና «ላምብ» አገራችንን ወክለው ለኦስካር ቀርበው ነበር፤ እጩ ግን አልሆኑም። አንድ አገር በዓመት ማቅረብ የሚችለው አንድ ፊልም ብቻ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ፍርድ የሚሰጠው ሎስ አንጀለስ ሳይሆን እዚሁ አገር ቤት ነው። በዚያ ፍርድ ላይ ምን ያህል በአደባባይ ተከራክረናል? የተከራከርነውስ የት ተጽፏል?

ወደ ትዝታዬ ልመለስ። ይህን ንግግር ስዘጋጅ ከአራታችን ለአንደኛው ስልክ ደወልሁ። «ያኔ ለ‹ሾውሻንክ› እንዴት እንደ ተሟገትሁ ታስታውሳለህ?» አልሁት። ሳቀ። «አንተማ የ‹ፎረስት ጋምፕ› ወገን ነበርህ። ‹ሾውሻንክ› የእኔ ነው» አለኝ። ልከራከረው ፈልጌ ማስረጃ አጣሁ። «ሾውሻንክ» ሲወጣ በሲኒማ ቤት ያልቀናው፣ በኋላ በቪዲዮና በቴሌቪዥን ዝናው የገነነ ፊልም ነው። እኔም ሳላውቀው ከዓለም ጋር አብሬ ሐሳቤን ለውጬ፣ የለወጥሁትን ሐሳብ የድሮ አቋሜ አድርጌ ሳልይዘው አልቀረሁም። በሙያዬ የሰውን ትዝታ ስመረምር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የራሴን አልመረመርሁም ነበር።

አካዳሚው የተሳሳተበትን የምናውቀው መዝገቡ ስላለ ነው። የእኛ ተመልካቾች በቪዲዮ ቤቱ በር፣ በአምባሳደርና በኢትዮጵያ ሲኒማ ደረጃዎች ላይ የሰጡት ፍርድ ግን አብዛኛው ከአየር ጋር ሄዷል። ከዚህ አዳራሽ ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ወላጆቻችሁን፣ አጎቶቻችሁን፣ የሰፈራችሁን የቀድሞ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ጠይቁ፤ ምን አዩ? ምን ወደዱ? በምን ተጣሉ? የሚሏችሁን ጻፉ፤ ቀኑንም አስፍሩ። ሁለት ሰዎች የሚቃረን ነገር ቢነግሯችሁ አንዱን አትጣሉ፤ ሁለቱንም ጻፉ። እኔና ወዳጄ እስካሁን አልተስማማንም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም የ«ፎረስት ጋምፕ» ወገኖች፣ መድረኩ የእናንተ ነው።