ለንስሐ የሚገባ ፍሬ

መጥምቁ ዮሐንስ ወደ ዮርዳኖስ የወረዱትን ሰዎች በእንባቸው ብዛት አልመዘናቸውም፤ ቀራጩ ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስብ፥ ወታደሩም በደመወዙ እንዲረካ አዘዘ እንጂ።

የእንግሊዙ ካህን ጆን ዌስሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1739 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ በሜዳ ላይ መስበክ በጀመረ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰማው ነበር፤ እያለቀሱ የሚወድቁም ነበሩ። ዳሩ ግን ያለቀሰው ሰው በማግሥቱ በቤቱ እንዴት እንደሚኖር የሚመለከት አልነበረም። መፍትሔው የተገኘው፥ ነገሩ ያስደንቃል፥ ከዕዳ ነው። በ1742 ዓ.ም. ለጸሎት ቤቱ ሥራ የተበደሩትን ለመክፈል ማኅበርተኞቹ በየ12 ተከፈሉ፤ ከእያንዳንዱም በየሳምንቱ አንድ ፔኒ የሚሰበስብ አለቃ ተሾመላቸው። አለቆቹ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ግን አንዱን ሰክሮ፥ ሌላውን ከሚስቱ ጋራ ሲጣላ አገኙት። ዌስሊም ይህን በሰማ ጊዜ ሲፈልገው የኖረው ነገር ይኸው መሆኑን ዐወቀ፤ አለቆቹም ከገንዘቡ ይልቅ ኑሮውን እንዲመረምሩ አዘዘ።

ቢሊ ግራም በ1954 ዓ.ም. በሎንዶን በሃሪንጌይ አዳራሽ ሲሰብክ፥ ጥሪውን ተቀብለው ወደ ፊት የወጡት ሰዎች ስም በካርድ እየተጻፈ በአቅራቢያቸው ወዳሉት አብያተ ክርስቲያናት ይላክ ነበር። ካርዱን የተቀበለው ቄስ ደጁን ሳያንኳኳ የቀረ እንደ ሆነ፥ ቀራጩ በቀረጡ፥ ሰካራሙም በጽዋው መቅረቱን ማን ያውቃል?