ለብቻው የሚታሰር በግ

በልጅነቴ ደባርቅ ላይ ሠርግ ሲደገስ ከዳሱ ጀርባ ለብቻው የሚታሰር አንድ በግ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በገዛ እጃቸው ያርዱታል፤ ከየቤታቸው ባመጡት ድስት ይሠሩታል፤ በተለየ ዳስም ተቀምጠው ይበሉታል። አባቴና አንድ ነጋዴ ወዳጁ ምሥጢር ሳይደባበቁ ኖረው፣ አንዲት የሥጋ ጉርሻ ሳይጎራረሱ ሞት ለያቸው። ነገሩ ለብዙ ዘመን ሲከነክነኝ ኖሯል።

የእምነት ሕግ ብቻ ነው እንዳልል፣ ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ በ5ኛው አንቀጽ የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ለሙስሊም ይፈቅዳል። ብዙ የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም የክርስቲያንን እርድ ይህንኑ መሠረት አድርገው፣ ቅድመ ሁኔታ እያኖሩ ይቀበሉታል። በእኛ አገር ግን ሥጋ የማንነት ምልክት ሆነ፤ የሌላውን እርድ የበላ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ። በዚያ ዘመን ለነበረ ሙስሊም የራሱን ቢላዋ አለመልቀቅ ምን ማለት እንደ ነበረ እንግዲህ አንባቢ ይገምተው።

ከጎንደር ተነሥተው በደባርቅ አልፈው፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደው ወደ ምጽዋ የሚዘልቁት የጀበርቲ ነጋዴዎች ማኅተም ያረፈበት የሐላል ወረቀት አልነበራቸውም። ዋስትናቸው የአራጁ ማንነት ነበር።

ዛሬ ወረቀቱ መጥቷል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚላከው ሥጋ በሙስሊም አራጅ ታርዶ የሐላል ምስክር ወረቀት ይዞ ይሄዳል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 የሕግ ሰውነት አግኝቷል። የእኛ የደጋ በግ ግን በዚህ ገበያ እምብዛም አልቀናውም፤ ሥጋው ቶሎ ይጠቁራልና ላኪዎች የቆላውን ይመርጣሉ። (የሰሜን ተራራ ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚቀየም አውቃለሁ።)

ያ የተለየ ዳስ በአዋጅ የተተከለ አጥር ነው ወይስ በአክብሮት የተዘረጋ ማዕድ? ሁለቱንም ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አንዱን መርጬ ሌላውን መካድ አልቻልሁም።

የወንድሜን ልጅ ስንድር አባቴን ተክቼ በጉን የገዛሁት እኔ ነበርሁ። በዋዜማው የዚያ ነጋዴ ልጅ ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «የታለ በጋችን?» አለኝ። ከዳሱ ጀርባ ወሰድሁት።