የኖቤል ኑዛዜና ውርሱን ያጣሩት መሐንዲሶች

ሰው ሲሞት ሀብቱ ወዲያው ለወራሾቹ የሚተላለፍ ይመስላል። ዳሩ ግን ከክፍፍሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል፤ ይኸውም ውርሱን የሚያየው የትኛው ፍርድ ቤት ነው? የውርሱንስ ግብር የሚቀበለው የትኛው መንግሥት ነው? የሚሉት ናቸው። የአልፍሬድ ኖቤል ውርስ የእነዚህን ጥያቄዎች ክብደት አጉልቶ ያሳያል።

የዲናሚት ፈልሳፊ የነበረው ኖቤል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1896 በኢጣሊያ አገር በሳን ሬሞ ከተማ ዐረፈ። ትቶት ያለፈው ከ31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር በላይ የሆነ ሀብት በስዊድን፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በሩሲያና በሌሎችም አገሮች ተበትኖ ይገኝ ነበር። ኑዛዜውን ከአንድ ዓመት በፊት በፓሪስ የጻፈው የሕግ ዐዋቂ ሳያማክር በገዛ እጁ ነው። ከሀብቱ አብዛኛው ክፍል ወለዱ በየዓመቱ ለሰው ልጅ ከፍ ያለ ጥቅም ላስገኙ ሰዎች እንዲሸለም አዘዘ። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ተረክቦ የሚያስተዳድረውን ድርጅት አላቋቋመም፤ ዋና መኖሪያውም የት እንደሆነ አልገለጸም።

አስፈጻሚዎች አድርጎ የሰየማቸው ራግናር ሶልማንና ሩዶልፍ ሊልየክቪስት የተባሉ ሁለት መሐንዲሶችን ነበር። ሶልማን በጊዜው የ26 ዓመት ወጣት ነበር።

ኖቤል በስቶክሆልም ተወልዶ በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። በፓሪስ ብዙ ዓመት ኖሮ በ1891 ወደ ሳን ሬሞ ተዛወረ፤ በ1894 ደግሞ የስዊድኑን የቦፎርስ ፋብሪካ ገዝቶ በአጠገቡ መኖሪያ አደራጀ። የፓሪሱ ቤቱም እንዳለ ነበር። ዋና መኖሪያው ፓሪስ ነው ቢባል ኖሮ ውርሱ በፈረንሳይ ከባድ ግብር ሊጣልበት፣ ኑዛዜውም በጉድለቱ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል የሚል ሥጋት ነበር። ስለዚህ ሶልማን በፓሪስ ባንክ የተቀመጡትን የአክሲዮንና የብድር ሰነዶች በፈረስ ጋሪ ጭኖ፣ ሽጉጥ በእጁ ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ እያመላለሰ ወደ ለንደንና ወደ ስቶክሆልም ላካቸው። በመጨረሻም የስዊድኑ የካርልስኮጋ ፍርድ ቤት ውርሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ታወቀ።

ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ኑዛዜውን ተቃወሙ፤ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካርም አልወደዱትም። የወንድሙ ልጅ ኢማኑኤል ኖቤል ግን በሩሲያ ቋንቋ የኑዛዜ አስፈጻሚ መጠሪያ «የነፍስ አደራ ፈጻሚ» እንደ ማለት መሆኑን ለሶልማን አስታውሶ ከኑዛዜው ጎን ቆመ። በ1898 ከዘመዶች ጋር ስምምነት ተደረገ። የድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ በ1900 ጸደቀ፤ በ1901 የመጀመሪያው ሽልማት 150,782 ክሮነር ሆኖ ተሰጠ።

የግብር ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ድርጅቱ ለስዊድን መንግሥት ከፍተኛ ግብር ይከፍል ስለ ነበር የሽልማቱ መጠን በ1923 ወደ 114,935 ክሮነር ዝቅ አለ። ከግብር ነጻ የሆነው በ1946 ነው።

አንድ መሐንዲስ የሥራውን ንድፍ ሲያዘጋጅ ሸክሙን የሚቀበለውን መሠረት አስቀድሞ ያሰላል። ኖቤል ለፈንጂዎቹ ያደረገውን ይህን ጥንቃቄ ለኑዛዜው ሳያደርግ ቀረ፤ የጎደለውን መሠረት ለመጣል ለሁለት የሙያ ጓደኞቹ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ተናዛዥ መኖሪያውን፣ ተቀባዩንና የሚከፈለውን ግብር በግልጽ ካላሰፈረ፣ የአሳቡ ታላቅነት ብቻውን አደራውን ከግቡ አያደርሰውም።