ከዲማ ጉባኤ እስከ ፕላዝማ

በምሥራቅ ጎጃም ከብቸና እስከ ሞጣ የተዘረጋው ምድር በጤፉ የታወቀ ቢሆንም፣ ከጤፉ ይልቅ ሊቃውንቱ ስሙን አርቀው አስጠርተውታል ብል፣ ከገበሬው ወገን ቅሬታ ቢነሣብኝ እንኳ ከማኅሌቱ ወገን ድጋፍ እንደማላጣ አምናለሁ። አባ ተከስተ ብርሃን የመሠረቱት የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የብቸና ጎረቤት ነው፤ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ከዚያው አገር ናቸው፤ ሞጣ ጊዮርጊስንም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል እንዳሳነጹት ይነገራል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከደብረ ኤልያስ ሌላ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማ ያን ያህል ሕያው ሆና የምትታየው፣ ደራሲው አገሩን በተማሪነት እግራቸው ስለ ዞሩት ይመስለኛል።

ዛሬ በዚህ አካባቢ የምናስተምር ሰዎች ስለ ማስተማሪያ መሣሪያና ስለ መምህራን ሙያ መሻሻል ስንነጋገር ነገሩን ከኤሌክትሪክ መምጣት ወዲህ መቍጠር ይቀናናል። ይህ ግን የታሪኩን የሚበልጠውን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው።

በቅኔ ቤት ብራና ውድ ነበረ፤ የፍየሉ ቆዳ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በወስፌ ተሠምሮ፣ ጥቁሩ ቀለም ተበጥብጦና የመቃው ብርዕ ተቀርጾ አንድ መጽሐፍ እስኪጻፍ ድረስ የሚጠፋው ጊዜና ድካም ብዙ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ትምህርቱን በልቡ ከመያዝ በቀር ሌላ መዝገብ አልነበረውም። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ በትሩን ይዞ ተከላክሎ ከተመለሰ በኋላ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ የሰበረበትን፣ አገባቡ የተፋለሰበትን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን ስፍራ እዚያው በቃል ያርሙለታል። ጉባኤ ቃናውን ያልሞላ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ፣ ከዚያም እስከ መወድስ አይሻገርም፤ ያልገባው ዓመትም ቢፈጅ እዚያው ይቆያል፤ የገባው ግን ጓደኛውን ሳይጠብቅ ያልፋል። የትምህርቱ ፍጥነት በተማሪው አእምሮ ልክ ነበረ።

ይህን ሥርዓት ሳመሰግን ረኃቡን፣ አለንጋውንና በየጎጆው የሚገባውን ተስቦ እረሳለሁ ማለት አይደለም፤ ሴቶችንም ከደጅ አስቀርቷል። ጎጃም እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርት ማፍራቱ የሚያስደንቀን የእርሳቸው ነገር ከልማዱ የወጣ ስለ ነበረ ነው።

ስለ መምህሩ የራሱ ትምህርት ግን የቅኔ ቤት አሠራር ከዛሬው ይበልጣል ብዬ እፈርዳለሁ። የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ተብሎ የጀማሪዎቹን ቅኔ በመምህሩ ፈንታ እየሰማ ሲያርም፣ ማስተማርን የሚማረው በዚያው በማስተማሩ ነበረ። ሊቅ ከተባለም በኋላ ሌላ ሙያ ሲያምረው ጉባኤውን ለደቀ መዝሙሩ ትቶ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ ይሄድና ጢም ካላበቀለ ልጅ ጋር እኩል ተቀምጦ ይማራል፤ ካስመሰከረም በኋላ ይመለሳል። ሽበት ያለው ሰው «አላውቅም፣ አስተምሩኝ» ሲል የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ፣ ደወልና ክፍለ ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ደረሱ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ የመምህርነትን ሥልጠና ወደ ጎጃም አቀረበው፤ የክረምቱም ኮርስ ለብዙ የገጠር መምህር የቀለም ማደሻ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን ለአዛውንቱ ሳይቀር አዳረሰ። ሬዲዮም በየትምህርት ቤቱ ገባ፤ እርሱ ግን የመምህሩን ወንበር ለመቀማት አልሞከረም።

ወንበሩን የቀማው ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን መስኮት ነው። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ያሰራጨው ትምህርት፣ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተተርኮ፣ ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውንና ባዮሎጂውን ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያወርድ ነበረ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው የመስኮቱ ሲሆን፣ ለመምህሩ በመግቢያውና በመውጫው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀረችለት። በመስኮቱ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፤ ከዚያም እጁን ያወጣ አንድ ልጅ እንኳ ሳይኖር «በጣም ጥሩ!» ብላ አመስግና ታልፋለች። ልጆቹ ይስቃሉ፤ መምህሩም ከበሩ አጠገብ ቆሞ አብሮ ከመሳቅ በቀር ሊያቆማት ሥልጣን የለውም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ በሰማይ አልፎ ይሄዳል።

ሆኖም ቤተ ሙከራ በሌለው ክፍል የተቀመጠ ልጅ፣ ቀድሞ በጠመኔ ክብ ብቻ የተሣለለትን ሕዋስ በፕላዝማው ሲከፈል አይቷል፤ ይህን በጎነት መካድ ግፍ ነው። ጥፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ የመስኮቱን ቁልፍ ለመምህሩ ካለመስጠት የመጣ ነበረ። ያው ትምህርት በካሴት ተቀድቶ በእጁ ቢደርስ ኖሮ፣ ባልገባቸው ቦታ ያቆመው ነበር፤ መልሶ ያሳያቸው ነበር፤ በአማርኛም ያብራራላቸው ነበር።

በዚያው ዘመን የመጣው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል፣ አዲሱም ጀማሪ በነባሩ አማካሪነት እንዲለማመድ ደንግጓል። አማካሪው ጀማሪውን ይዞ ከክፍል ክፍል እንዲገባ ማሰቡ አስነጋሪነትን ያስታውሰኛል፤ ምናልባትም ከውጭ አገር መጣ የተባለው ሐሳብ ለጎጃም ሰው ባዕድ አልነበረም። ነገር ግን ሥራው ቶሎ ወደ ፖርትፎሊዮ ማኅደር ዞረ፤ ቅጹ ተሞልቶ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ለገምጋሚው ይቀርባል፤ ጎረቤት ክፍል ገብቶ የባልደረባውን ትምህርት ከልቡ የሚያዳምጥ መምህር ግን ጥቂት ነው። ከስድሳው ሰዓት ሠላሳው ሌላ ሰው ሲያስተምር ለማየት ብቻ ይዋል ብባል፣ የቀረውን ሠላሳ ለቅጹ እለቅለታለሁ።

የቅኔ ተማሪዎችም ዛሬ ከአኩፋዳቸው ጋር ስልክ መያዝ ጀምረዋል፤ መምህሩ ቅኔ ሲዘርፉ ቀድቶ፣ ጎጆው ገብቶ ደጋግሞ የሚያዳምጥ አለ። ይህ ልብን ያሰንፋል ብለው የሚከለክሉ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን የሚያቆመውም የሚመልሰውም ተማሪው ራሱ ስለ ሆነ ከከልካዮቹ ጋር አልቆምም።