የዕለት ጉርስ የዓመት ልብስ ሲሆን

የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ በአማርኛችን ተነጣጥለው የማይነገሩ ጥንዶች ናቸው። የሰው ኑሮ የሚለካውም በእነዚሁ ሁለቱ ነው። ይሁን እንጂ በአውሮጳና በሰሜን አሜሪካ ሠዓልያንና የልብስ ንድፍ አውጪዎች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ሁለቱን እያዋሐዱ ሲጫወቱባቸው ኖረዋል። ጨዋታው ለዓይን ቢያስቅም የየዘመኑን ሀብትና ጭንቀት ገልጦ ያሳያል።

ከቀደምቶቹ አንዱ የሚላኖው ተወላጅ ጁዜፔ አርቺምቦልዶ ነው። በሐብስቡርግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1563 «በጋ» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ሥዕሉ በጎን የሚታይ ሰው ነው፤ ነገር ግን አፍንጫው ኪያር፣ ጥርሱ የአተር ፍሬ፣ ጆሮው የበቆሎ እሸት ነው። ልብሱ ከስንዴ ዛላና አገዳ የተጎነጎነ ሲሆን፣ ሠዓሊው ስሙን በአንገትጌው፣ ዓመቱን በትከሻው ላይ እንደ ጥልፍ አስገብቶበታል። በቆሎ ከአሜሪካ ወደ አውሮጳ ከገባ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም ነበርና፣ ያ ጆሮ ብቻውን የዘመኑን የባሕር ጉዞ ይመሰክራል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጨዋታው ከሸራ ወርዶ በገላ ላይ ዋለ። በ1937 ኤልሳ ስኪያፓሬሊ በፓሪስ፣ ሳልቫዶር ዳሊ የሣለውን ሎብስተር የተባለ ባለመቆንጠጫ የባሕር እንስሳ በነጭ የሐር ቀሚስ ላይ አሳተመች። ሎብስተር የባለጸጎች ገበታ ምግብ ነው፤ ቀሚሱንም ለብሳ ለ«ቮግ» መጽሔት ፎቶግራፍ የተነሣችው የዊንድሰርን መስፍን ልታገባ የተቃረበችው ዋሊስ ሲምፕሰን ነበረች።

ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ተራው የብዙኃኑ ሾርባ ሆነ። አንዲ ዋርሆል በ1962 የካምቤልን የሾርባ ጣሳዎች በ32 ሸራዎች ላይ ከሣለ በኋላ፣ ኩባንያው ራሱ በ1960ዎቹ አጋማሽ የጣሳዎቹ ሥዕል የታተመበት የወረቀት ቀሚስ አወጣ። ዋጋው 1 ዶላርና ከጣሳ የተላጡ 2 ወረቀቶች ነበር። ሾርባው ተጠጥቶ ጣሳው እንደሚጣል፣ ቀሚሱም ጥቂት ተለብሶ የሚጣል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ምግቡ ሥዕል ብቻ ነው፤ አይበሰብስም፣ ከማንም አፍ አይነጠቅም። በ1987 ግን በፕራግ የተወለደችው ካናዳዊት ያና ስተርባክ 23 ኪሎ ያህል ጥሬ የበሬ ሥጋ በጨው አሽታ ቀሚስ ሰፋች። ቀሚሱ ለሕዝብ በቆመበት እየደረቀ ቋንጣ ይሆናል። በ1991 በኦታዋ በካናዳ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በታየ ጊዜ፣ ኢኮኖሚው በተዳከመበት ወቅት ምግብ ማባከን ነው ተብሎ ተቃውሞ ተነሣበት። አንዳንዶችም የምግብ ትርፍራፊ በፖስታ ላኩ።

በእኛ አቆጣጠር የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ያለፈበት አገር ሰው ይህን ቁጣ ለመረዳት አይቸገርም። በአንጻሩም «ሥጋ ለባሽ» የሚለው ቃል ላለው ሕዝብ የሠዓሊዋ ሐሳብ እንግዳ አይደለም፤ ውበታችንም እንደ ቀሚሱ ደርቆ የሚያልፍ ነው። ለመሐንዲስ፣ በሥዕልና በእውነተኛ ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት የሥራው መጀመሪያ ነው። ሥዕሉ ላይ የተሳሳተ መሥመር ይፋቃል፤ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በምግብ የሚጫወት ጥበበኛም እንዲሁ ነው፤ በሥዕሉ እንደ ልቡ ይጫወት፣ እውነተኛውን እህል በነካ ጊዜ ግን ምን ሊናገርበት እንደ ፈለገ የመመለስ ዕዳ አለበት። የስተርባክ ቀሚስ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ የነበረው ይመስለኛል።