ዶክተር ሄክተር ጋርሺያ፦ የቀድሞ ወታደሮች ጠበቃ የሆኑት ሐኪም

በሜክሲኮ ታማውሊፓስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1914 የተወለዱት ዶክተር ሄክተር ጋርሺያ፣ ቤተሰባቸው አብዮቱን ሸሽቶ ቴክሳስ ሲገባ ገና ሕፃን ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው በኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ በሕክምና ሥራ ተሰማሩ።

በ1948 የመሠረቱት «አሜሪካን ጂ አይ ፎረም» ለሜክሲኮ ዝርያ የቀድሞ ወታደሮች በሕግ የተፈቀደው የሕክምናና የትምህርት ጥቅም እንዲከበር ይጠይቅ ነበር። ማኅበሩን በመላ አገሪቱ ያሳወቀው ግን የአንድ ወታደር ቀብር ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ የተሰዋው የፌሊክስ ሎንጎሪያ አጽም በ1949 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ በትውልድ ከተማው ያለው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ነጮች ይቃወማሉ በሚል የጸሎት አዳራሹን ከለከለ። ለአገሩ የሞተ ሰው መሆኑ እንኳ አልታሰበለትም። ጋርሺያ ጉዳዩን በቴሌግራም ለሴናተር ሊንደን ጆንሰን አሳወቁ፤ ሎንጎሪያም በዚያው ዓመት የካቲት ወር በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበረ።

ጋርሺያ በ1984 ከፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የነጻነት ሜዳልያ ተቀብለዋል። በ1996 በኮርፐስ ክሪስቲ አርፈዋል።