ጋን የሆነው በርሜል፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የመጥመቂያ ዕቃ ታሪክ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ጠላ የሚጠመቅበት፣ ከሸክላ ዕቃዎች ሁሉ ትልቁ ጋን ይባላል። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ቂጡ ድቡልቡል በመሆኑ ራሱን ችሎ ስለማይቆም በጓዳ ጥግ በተበጀለት ጎድጓዳ ሥፍራ ይቀመጥና ዙሪያውን ድንጋይ ይወሸቅለታል፤ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ተረትና ምሳሌም የሚያስታውሰው ይህንኑ የጓዳ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ጋን ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ቦታውን ቀስ በቀስ ቂጡ ዝርግ ለሆነው፣ ጠጠርም ለማያሻው የብረት በርሜል፣ ኋላም ለፕላስቲክ ዕቃ ሲለቅ ቆይቷል። ተከትለውት ከመጡት ዕቃዎች መካከል ለጠላ ተብሎ የተሠራ የለም፤ ሁሉም ለሌላ ሥራ መጥተው በባለሙያ ሴቶች እጅ ተገርተው ጋን የሆኑ ናቸው።

ጌራ፣ ማማና ላሎ ተብሎ በሦስት የሚከፈለው መንዝና በሰሜኑ የሚዋሰነው ግሼ አብዛኛው ክፍላቸው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ የሚደርስ ውርጫማ ደጋ ሲሆን ዋናው እህላቸው ገብስ ነው። መርሐ ቤቴ በአንጻሩ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆዎች የሚወርድ አገር በመሆኑ ጤፍና ማሽላም ያበቅላል፤ ስለዚህ የደጋው ጠላ በገብስ፣ የቆላው ደግሞ በማሽላ ጭምር ይጠመቃል። ጌሾ ከውርጭ ይልቅ ወይና ደጋን የሚወድ ተክል ስለሆነ ወደ ደጋው የሚደርሰው በገበያ ነው። ትልቅ ዕቃ የግድ ያስፈለገው ደግሞ ለዕለት ጥም ሳይሆን ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለተዝካርና ለሠርግ ነው፤ ደግሶ ጠላ ያነሰበት ቤት ስሙ ስለሚነሣ የአንድ ባለርስት አቅም ከጎተራው ቀጥሎ በጋኖቹ ቁጥር ይገመት ነበር።

ጋን የሚሠራው ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ከተፈጨ የሸክላ ስባሪ ጋር ለውሳ፣ ግድግዳውን ደረጃ በደረጃ አንሥታ፣ በደንብ ካደረቀችው በኋላ በሜዳ ላይ እሳት ታቃጥለዋለች። ሙያው እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም ባለሙያዎቹ ለረጅም ዘመን የተናቁ፣ ርስት የተነፈጉና «ቡዳ» እየተባሉ የሚሸሹ ነበሩ፤ ጠላው በሰንበቴ ቤት ሲመሰገን ጋኑን የሠራችው ሴት ከማኅበሩ ውጭ መሆኗ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባ እውነት ነው።

አዲስ ጋን ከእሳት ወጥቶ በቀጥታ አይጠመቅበትም፤ በመጀመሪያ መሟሸት አለበት። ማሟሸት ማለት አዲስ የሸክላ ዕቃ የጭቃ ጣዕሙን ትቶ፣ ቀዳዳዎቹ በከፊል ተደፍነው ለሥራ እንዲለምድ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህም በየጥመቃው ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ የወይራ እንጨት ፍም ላይ አፉ ተደፍቶ ጢሱን እስኪጠግብ ድረስ ይታጠናል። ጢሱ ለጠላው መዓዛ ከመስጠቱም በላይ በግድግዳው ላይ የቀሩትን የማይፈለጉ ተህዋስያን ያዳክማል። ከዚህ በኋላ የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ከቀናት በኋላ ቂጣና እንኩሮ፣ ማለትም ተቆልቶ ተፈጭቶ የበሰለ ዱቄት፣ ሲጨመርበት ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉ በውኃ ተበጥብጦ አፉ ይታሸጋል። የሸክላው ግድግዳ ርጥበት እያሳለፈ በትነት ስለሚቀዘቅዝ በሞቃቱ የመርሐ ቤቴ ቆላ ጠላው ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ይረዳል፤ በመንዝ ብርድ ግን መፍላቱ ራሱ ስለሚዘገይ ጋኑ ወደ ምድጃው ይጠጋል።

በርሜል ወደዚህ አገር የገባው በመኪና መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ አልፎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ ሲሠራ ነዳጅ የሚጓጓዝበት 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ የብረት በርሜል በየሰፈሩ ታወቀ፤ ወደ መንዟ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከጣርማ በር ነው። ኋላ በፕላስቲክ የተሠራው ጀሪካንም የጦርነት ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ለሠራዊታቸው ነዳጅ መያዣ ያበጁት ቆርቆሮ ሲሆን ስሙ እንግሊዞች ለጀርመን ወታደር ካወጡት ቅጽል ስም የመጣ ነው። ባዶውን ዕቃ ከባለመኪናው እጅ ወደ ጓዳ ያሻገሩት ቆራሌውና ነጋዴው ናቸው፤ በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌ በርሜል እየተቆረጠና እየተቀጠቀጠ ወደ ምድጃና ወደ ሌላ የቤት ዕቃ የሚለወጥበት ሠፈር ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ጋን ከወደቀ ይሰበራል፤ በአህያም ሩቅ መንገድ አይችልም፤ በርሜል ግን እየተንከባለለ ይሄዳል። ለትልቅ ድግስም ሦስትና አራት ጋን ከጎረቤት መዋስን ያስቀራል።

ለአረቄ የበርሜል ጥቅም ከዚህም ይበልጣል። አረቄ፣ ስሙ ላብ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ድፍድፍ በእሳት ተቀቅሎ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ ሲቀዘቅዝ የሚንጠባጠብ መጠጥ ነው። ቀድሞ የሸክላ ማሰሮ በክዳንና በሸምበቆ ቧንቧ ተገጣጥሞ፣ መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ ተለስኖ ይወጣ ነበር፤ ሸክላ በየቀኑ እሳት ሲመታው ስለሚሰነጠቅ በርሜል ቦታውን ወሰደ። ሁለተኛ ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ በላይ ሊደርስ ስለሚችል በብርዳሙ ደጋ ፈላጊው ብዙ ነው።

ሆኖም በርሜል አይሟሽም። ጠላ አሲድነት ያለው መጠጥ በመሆኑ ተራውን ብረት ያዝገዋል፤ ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ቅቡን ያሟሟዋል፤ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የተያዘበት ዕቃ ደግሞ በግራዋ ቢታሽ፣ በወይራም ቢታጠን አይነጻም። ለዚህ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ የታወቀው፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የያዘው የማይዝግ ብረት ነው። የድራፍት ቢራ በርሜል የሚሠራው ከዚሁ ነው። በአሜሪካ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ እ.ኤ.አ. በ1978 በፌዴራል ሕግ ከተፈቀደ ወዲህ ጠማቂዎች 59 ሊትር ገደማ የሚይዘውን የድራፍት በርሜል ግፊቱን አስወጥተው፣ አናቱን ቆርጠው፣ ከሥሩ መክፈቻ ቧንቧ በይደው ማፍያ ድስት ሲያደርጉት የሠሩት ሥራ የመንዝ ሴት በነዳጅ በርሜል ከሠራችው በዓይነቱ አንድ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ ይህ ዓይነቱ በርሜል ለደጋው ቅርብ ሆኗል፤ ንብረትነቱ ግን የፋብሪካው ስለሆነ ባዶው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ስለዚህ ወደ ጓዳ መግባት የሚገባው በርሜሉ ሳይሆን ብረቱ ነው።

«ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የሚለው ብሂል የሚነገረው ታላቁ ሲጠፋ ታናሹ ቦታውን መያዙን ለመንቀፍ ነው። በጠላ ዕቃ ታሪክ ግን ነቀፋው የሚገባው ላልነጻ በርሜል እንጂ በርሜሉን ጋን ላደረገችው ሴት አይደለም። የአገሩ ብየዳ ቤቶች ከማይዝግ ብረት፣ አፉ ሰፊ፣ ለማጠብና ለማጠን የሚመች የጠላ ዕቃ ቢሠሩ፣ ያን ጊዜ ከጋን ወዲህ ለጠላ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ዕቃ ወደ መንዝ ጓዳ ይገባል።